ትከሻ መልስ ይፈልጋል

ከአራት ኪሎ የተነሣ ሚኒባስ በሥላሴ በኩል ሲያልፍ ወሬ ይቋረጣል። ስለ ቤት ኪራይ የሚማረረው አፉን እንደከፈተ ያቆማል፤ በስልክ የሚጨቃጨቀው «አንዴ ቆይ» ይላል። ከዚያ ሁሉም በየሰውነቱ መናገር ይጀምራል። ከኋላ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጣሪያው እስከፈቀደላቸው ድረስ ተነሥተው ሦስቴ ያማትባሉ፤ ሥላሴ ናቸውና ከሦስት ማነስ አይሆንም። አጠገባቸው ያለው ጎረምሳ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነቅሎ ይሳለማል፤ ሌላኛው ጆሮ ከዘፈኑ ጋር ይቆያል። ወያላው የሰበሰበውን ብር እንደጨበጠ ያማትባል። ሹፌሩ አንድ እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ ጎንበስ ይላል፤ በዚያች ቅጽበት ከልቡ የሚጸልየው ግን ጋቢና የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው። መስኮት ጥግ ያለው ሙስሊም ወንድማችን ጀርባውን ወደ መደገፊያው ለጠፍ አድርጎ ጎረቤቱ የሚጎነበስበትን ቦታ ይለቅለታል። በሩ እንዳለፈ የኪራዩ ምሬት ካቆመበት ይቀጥላል። በዚህች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ማን ፈተና እንዳለበት፣ ማን የታመመ ቤት ጥሎ እንደወጣ፣ ማን ትናንት ማታ አምሽቶ እንደገባ መገመት ይቻላል። አንድም ሰው ግን ቃል አልተነፈሰም።

እኛ ነገርን ቀጥ አድርጎ መናገርን እንደ ብልግና የምንቆጥር ሰዎች ነን። «አልፈልግም» ለማለት ስንት ተረትና ምሳሌ እናዞራለን። «እስቲ እግዜር ያውቃል» ካልን ነገሩ አለቀለት ማለት ነው። ሰውነታችን ግን ሰምና ወርቅ አልተማረም፤ የሚያስበውን እዚያው ያወጣዋል።

ለዚህ ምስክር ቢያስፈልግ «ኖር!» አለ። ፒያሳ አንዱ ካፌ ውስጥ ተቀምጠህ የምታውቀው ሰው ሲገባ ከወንበርህ የምትነሣው ከፍታ የእንግዳውን ክብር ሳያጋንን ሳያሳንስ ይናገራል። ለሰፈር ጓደኛ ቅንድብ ማንሣት ይበቃዋል። ለሥራ ባልደረባ መቀመጫ ከወንበሩ ሁለት ጣት ያህል ይላቀቃል። ለአለቃ ጉልበት እስኪዘረጋ፣ ለሚስት አባት ደግሞ ቀጥ ብሎ ቆሞ ወንበሩን እስከ መልቀቅ ይደረሳል። አበዳሪ ሲገባም እንዲሁ ብድግ ይባላል፤ ልዩነቱ ተመልሶ መቀመጥ የለም። መጪውም የራሱ ድርሻ አለው። «በእግዚአብሔር! ኧረ በሥላሴ!» እያለ በመዳፉ አየሩን ወደ ታች ይጫናል፤ ነገር ግን ያልተነሣለትን ሰው በዓይኑ ጥግ መዝግቦ ነው የሚቀመጠው። ይህ ሁሉ ሥርዓት የማይሠራበት የፒያሳ ቤት ቶሞካ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሰው ቡናውን እዚያ ቆሞ ሲጠጣ ኖሯል። ሁሉም አስቀድሞ ስለቆመ ማን ለማን እንደተነሣ አይታወቅም፤ ክብር ወዳድ ሰው እዚያ ገብቶ መከፋቱ አይቀርም።

የድሮው ቤተ መንግሥትም ቋንቋው ይኸው ነበር። ጃንሆይ ፊት የቀረበ ሰው እጅ ነሥቶ ሲወጣ ጀርባውን አይሰጥም፤ ፊቱን ወደ ንጉሡ እንዳደረገ በሩን በተረከዙ እየፈለገ ነበር የሚወጣው። ጃንሆይ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ሥላሴ ካቴድራል ውስጥ ከእቴጌ መነን ጎን አርፈዋል። መቃብሩን ሊያዩ ከገቡት መካከል አንድ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ሲወጡ ወደ ኋላ እየተራመዱ አንድ ፎቶ አንሺ ቱሪስት ላይ ሲያርፉ አይቻለሁ። ቱሪስቱ ይቅርታ ጠየቀ። ሽማግሌው ዞር ብለውም አላዩት፤ ዞር ማለት እኮ ነው የተከለከለው።

ሰውነት እንዲናገር በትምህርትና በሥርዓት ያደረገችው ግን ቤተ ክርስቲያን ናት። ከሥላሴ ዓመታዊ በዓላት አንዱ ጥር 7 ቀን ነው፤ ማኅሌቱ ደግሞ ሌሊት ይጀመራል። ያን ሌሊት እንቅልፉን ሠውቶ ቅኔ ማኅሌቱ ጥግ የቆመ ሰው ነገሩን ከምንጩ ያያል። ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ፊት ለፊት ይሰለፋሉ፤ በቀኝ ያሉት በቀኝ ጌታው፣ በግራ ያሉት በግራ ጌታው ይመራሉ። አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው ይቀበላል። መጀመሪያ ማንም አይቸኩልም። ዜማው ይረዝማል፤ መቋሚያው ብብት ሥር ይገባል፤ አንዳንድ አረጋዊ አገጫቸውን አስደግፈውበት ዓይናቸውን ይከድናሉ። ተኝተዋል ብለህ ስታዝንላቸው የጸናጽሉ ተራ ይደርሳል። እጃቸው ከእርሳቸው ቀድሞ ይነቃል፤ ጸናጽሉ በቦታው፣ ያለ አንዳች መዘግየት «ሽል» ይላል።

ከዚያ ዝማሜው ይመጣል። መቋሚያው ከትከሻ ላይ ይነሣና ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ሰውነት ይከተለዋል። ወደ ግራ ይመለሳል፤ ጉልበት በትንሹ ይሰበራል። ይህ እንዲሁ መወዛወዝ እንዳይመስልህ፤ ጌታ በሕማሙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ መገፋቱን ያሳያል ብለው ያስተምራሉ። ከበሮውም ትርጉም አለው፤ ሰፊው አፉ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት ምሳሌ ሲሆን በላዩ የተጠላለፈው ጠፍር በጅራፍ የተገረፈው ጀርባ ሰንበር ነው። ስለዚህ ከበሮ መቺው መጀመሪያ ቀስ ብሎ ሲመታ አንድ ነገር ይናገራል፤ ከአንገቱ አንጠልጥሎት ወዲያ ወዲህ እየዘለለ ሲያፋጥነው ሌላ ነገር ይናገራል። መረግዱ ያልፋል፤ ጽፋቱ ያጨበጭባል፤ ወረቡ ይከተላል። በዚህ ጊዜ ቅድም ያዘንክላቸው አረጋዊ ከአንተ ከፍ ብለው እየዘለሉ ነው። ይህን «ጭፈራ» ብሎ የጠራ ሰው በመቋሚያ ቢነካ ጠበቃ አያገኝም።

ይህን ለመማር ዓመታት ይፈጃል። ተክሌ አቋቋም አለ፤ የጎንደር አቋቋም አለ፤ ጎንደርም ራሱ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ይለያል። ሁለት መሪጌቶች ማኅበር ላይ ተገናኝተው ስለ አንዲት የእግር አረጋገጥ ሲከራከሩ የሰማ ሰው የኳስ ደጋፊዎችን ጨዋ ናቸው ይላል። መሠረቱን የጣለው ቅዱስ ያሬድ እንደሆነ ሁላችንም በልጅነት ተምረናል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወጋው፤ ንጉሡም አላወቁ፣ እርሱም አልተሰማው፤ ዜማው ሲያበቃ ነው ደሙ የታየው። ይህን የምናወራው እኛ ታክሲ ውስጥ ጫማችንን የረገጠንን ሰው እስከ መውረጃችን ድረስ የምንሰድብ ሰዎች ነን።

መሪጌታ ስለ ሽብሸባ ሲጠየቅ ዳዊትን ሳይጠራ አያልፍም። ዳዊት በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ ሲዘል የሳኦል ልጅ ሜልኮል በመስኮት አይታ በልብዋ ናቀችው። እኔ ይህችን ሴት የመጀመሪያዋ የጭፈራ ሐያሲ አድርጌ ነው የማያት። ጥፋቷ ምን ነበር ብትሉኝ፣ ከመስኮት ማየቷ ነው። ወደ ሜዳው ብትወርድ ኖሮ ምን እየተባለ እንዳለ ይገባት ነበር።

ከሥላሴ ግቢ ወጥተህ ጥቂት ስትራመድ ፓርላማው አለ። እዚያም ታላላቅ ጉዳዮች የሚወሰኑት በአካል እንቅስቃሴ ነው፤ እንቅስቃሴው ግን አንድ ብቻ ነው፣ ቀኝ እጅን ወደ ላይ ማውጣት። እንደ አቋቋም ዓመታት አይፈጅም፤ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚል ክርክርም ብዙ አያስነሣም።

ወደ ዓለማዊው እንመለስ። ኢትዮጵያ አካሏን ተከፋፍላ የምትጨፍር አገር ናት። ጎጃም፣ ጎንደርና ወሎ ትከሻውን ወሰዱ። ጉራጌ እግሩን ይዞ እንደ ባሕርዩ ለሥራ አሰማራው፤ ሲጨፍር የቆመበት መሬት ዕረፍት የለውም። ወላይታ ወገቡን፣ ሐረርጌ አንገቱን ያዘ፤ ሸጎዬ ሲጨፈር ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆመው ጭንቅላታቸው ወዲያና ወዲህ ሲል ምን እንደተባባሉ የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የትግራይ ጓይላ ክብ ሠርቶ በዝግታ ይዞራል፤ ከበሮው ሲደራረብ ክቡ ይሟሟቃል፤ ትከሻ ለትከሻ መገጣጠም ይመጣል። አዲስ አበቤ ደግሞ ከየአንዱ ጥቂት ጥቂት ወስዶ ሁሉንም ይሞክራል፤ ሁሉንም አይችልም። ይህ የአራዳ ልጅ ዓመል ነው፤ ባይችልም አያፍርም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ወገብን የሚንቅ ሰው ካለ ስለ ንብ ልንገረው። ካርል ፎን ፍሪሽ የሚባል ኦስትሪያዊ ሳይንቲስት የንቦችን ጭፈራ ትርጉም ፈትቶ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆኗል። አበባ ያገኘች ንብ ወደ ቀፎዋ ተመልሳ ገላዋን እያርገበገበች በሰፈፉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ትሄዳለች። መስመሩ ያዘነበለበት አቅጣጫ አበባው ከፀሐይ አንጻር በየት በኩል እንዳለ ይናገራል፤ የማርገብገቡ ቆይታ ደግሞ ርቀቱን። ሌሎቹ በጨለማው ተጠግተዋት መልእክቱን ይቀበላሉ፤ ከዚያ ማንንም ሳይጠይቁ በርረው ይሄዳሉ። የአዲስ አበባ ሰው አድራሻ ሲጠየቅ «ቀጥ ብለህ ሂድና ሰው ጠይቅ» ከሚለው ጋር አነጻጽሩት። እንግዲህ ጠጁ ገና ማር ሳይሆን በፊት ተጨፍሮበታል ማለት ነው፤ ሁለት ብርሌ የቀመሰ ሰው ትከሻው ዝም አልል ቢለው አትፍረዱበት። ወገብ መረጃ እንደሚሸከም ግን ወላይታ ከፕሮፌሰሩ ቀድሞ ሳያውቅ አልቀረም።

የእስክስታ ነገር ለብቻው ቦታ ይገባዋል። እስክስታ ንግግር መሆኑን በደንብ የተረዳሁት በአንድ ዘመዳችን የመልስ ግብዣ ላይ ነው። የሙሽራዋ አክስት፣ የእኔም አክስት ናቸው፣ ከሙሽራው አጎት ጋር በሽማግሌ አላላክ ተቀያይመው ነበር። ሽማግሌው አንድ ሰው ጎድሎ መጥቶ ነው፤ አጎትየው ደግሞ የጎደለው ሰው ራሳቸው ነበሩ። በሰላምታ እንኳ አይተያዩም። እራት ተበልቶ ማሲንቆው ሲጀምር አጎትየው ኮታቸውን አውልቀው ለልጅ ሰጡና ቀጥ ብለው አክስቴ ፊት መጥተው ቆሙ።

መጀመሪያ የቀኝ ትከሻቸውን አንዴ ብቻ ነቅነቅ አደረጉ። አክስቴ ዓይናቸውን ወደ ድንኳኑ ጣሪያ ላኩ። ሰውየው ግራውን ጨመሩ፤ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። አክስቴ አገጫቸውን ቀና አድርገው ዝም። በዙሪያ ያለው ሰው ጭብጨባውን ቀነስ አደረገ፤ ነገሩ ገብቶታል። አጎትየው «እስ… እስ…» እያሉ ጉልበታቸውን ማጠፍ ጀመሩ፤ አንድ ጨዋ ሽማግሌ ከሕዝብ ፊት ከዚህ በላይ ዝቅ ሊል አይችልም። በዚህ ጊዜ አክስቴ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሸረጡ። ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። ትከሻቸው አንዴ ከተነሣ በኋላ ማን ያቁመው! ሰውየው የጠየቁትን በእጥፍ መለሱ፤ ሦስት ወር የቆየ ቅያሜ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሲዘረዘር፣ ሲወቀስ፣ ሲካስ በዓይኔ አየሁ። ሁለቱም እየተያዩ ወረዱ፣ ወረዱ፣ መሬት ነኩ። አክስቴ ተነሡ። አጎትየው አልተነሡም፤ ጉልበታቸው እምቢ ብሎ ሁለት ጎረምሶች በብብታቸው ገብተው አወጧቸው። ሳቁና ተሳሳሙ፤ በቃ፤ ነገሩ በዚያው አበቃ።

ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ጠየቅኋቸው፤ «እትዬ፣ ምን ብለዋቸው ነው የታረቃችሁት?»

«ዓይንህ የት ነበር?» አሉኝ፤ «ሁሉንም ነግሬው የለ!»

ልብ በሉ፤ ያ ሁሉ ነገር የሆነው ሁለቱ ፊት ለፊት ስለቆሙ ነው። ማኅሌተኞቹ ፊት ለፊት ናቸው። ሸጎዬው ፊት ለፊት ነው። ጓይላው ክብ ነው፤ በክብ ውስጥ ማንም ከማንም አይሰወርም። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ መልስ ያጣ ትከሻ ጥቂት ተንቀጥቅጦ ይበርዳል። ተመልካቹም በጭብጨባው ይፈርዳል፣ አዝማሪው ግጥም ይወረውራል፣ የወደደ ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል። በ2013 ዓ.ም. ባለ 200 ብር ኖት ከመጣ ወዲህ የግንባር ዋጋም ጨምሯል፤ ዐሥር ብር ለመለጠፍ የሚነሣ ሰው ዛሬ የቸኮለ መስሎ ቶሎ ይመለሳል።

ፒያሳ ያለው ሀገር ፍቅር ቴአትር ለዚህ አገር ጭፈራ ትልቅ ባለውለታ ነው። በ1927 ዓ.ም. በማኅበርነት ተመሥርቶ በጣሊያን ወረራ ተቋርጦ እንደገና የቀጠለው ይህ ቤት የየክፍለ ሀገሩን ዘፈንና ውዝዋዜ ሰብስቦ ለአዲስ አበባ ሰው አሳይቷል። ጥላሁን ገሠሠ ገና በልጅነቱ የተቀጠረው እዚያ ነበር፤ በ2001 ዓ.ም. የተቀበረው እዚሁ ሥላሴ ነው፤ ከሀገር ፍቅር እስከ ሥላሴ በእግር ሩቅ አይደለም። ውለታው እንዳለ ሆኖ መድረክ አንድ ነገር ቀይሮብናል። መድረክ ላይ የወጣ ተወዛዋዥ ፊቱን ወደ አዳራሹ ያዞራል። ለጓደኛው የሚሰብቀውን ትከሻ አሁን የሚሰብቀው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ለሚያዛጋ ሰው ነው። ልጅቷም ወደ ልጁ አታይም፤ ሁለቱም በአንድ መስመር ቆመው፣ በአንድ ፈገግታ ወደ እኛ ያያሉ። ከዚያ ሙዚቃው ይቀየርና ልብስ ለውጠው ይመለሳሉ፤ ቅድም ጎጃሜ የነበሩት አሁን ጋምቤላ ናቸው፤ ትንፋሽ ሳይመለስ ደግሞ ጉራጌ። በዐሥራ አምስት ደቂቃ አገር ይዞራል፤ አንድም ቦታ ግን ቁጭ ብሎ ወሬ አይጠየቅም።

መድረክን ይቅር እላለሁ። ግድግዳው ሦስት ነው፣ ተመልካች የከፈለ ነው፤ ሌላ ምን ያድርጉ? ይቅር የማልለው የሠርግ ቪዲዮ ቀራጩን ነው። ሁለት ሰዎች እስክስታ ጀምረው ነገሩ ሲግል መካከል ይገባና «ወደዚህ ዙሩ! ወደ ካሜራ!» ይላል። እንደ ዳኛ ችሎቱን ይበትነዋል። የእኔ አክስትና አጎትየው በሚታረቁበት ሰዓት እንዲህ ያለ ሰው ገብቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ቤተሰቦች እስከ ዛሬ በሽማግሌ ይመላለሱ ነበር። ከእርሱ የባሰው ደግሞ እያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ በየድንኳኑ ስንት ሰው ያጨበጭባል? አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም፤ ሌላኛው እጅ ስልክ ይዟል። ቀራጩ የበዛበት ክብ ጭብጨባ ስለሌለው ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ለቲክቶክ የተላከው ቪዲዮ ላይ «የዘንድሮ ሠርግ ደስ አይልም» ብለን አስተያየት እንጽፋለን።

አዲስ አበባ ውስጥ መድረክ የሌለበት፣ መጋረጃ የሌለበት፣ ፊት ለፊት የሚጨፈርበት ቦታ ፈልጉ ብትሉኝ ከሥላሴ ብዙ ሳልርቅ ጃንሜዳን አሳያችኋለሁ። የጥር ሥላሴ በነገሠ በሦስተኛው ቀን ከተራ ነው፤ ታቦታቱ ወጥተው ጃንሜዳ ያድራሉ። ጥምቀትን ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ የሜዳው ወጣት ግን ከመመዝገቡ በፊትም ከተመዘገበ በኋላም በየጥጉ ክብ ሠርቶ ይጨፍራል። አንዱ ክብ ውስጥ የጎጃም ትከሻ፣ ቀጥሎ ያለው ውስጥ የጉራጌ እግር፣ ትንሽ አለፍ ሲል የኦሮሞ ረገዳ። መግቢያው ነጻ ነው፤ የሚጠየቀው ማጨብጨብ ብቻ ነው።

እንግዲህ ዘንድሮ ከተራ ዕለት ወደዚያ ብቅ ካልህ አንድ የማታውቀው ሰው ከፊትህ ቆሞ የቀኝ ትከሻውን ነቅነቅ ማድረጉ አይቀርም። ስልክህን ኪስህ ክተትና መልስለት። ስትወርድ ግን የሚያነሡህ ሁለት ጎረምሶች አጠገብህ መኖራቸውን አስቀድመህ እይ።